የፊተኛው ቸርኬ

የካቲት 3

እታለሜ፣

ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ። አንዴ ቶርኖው አጠገብ ቆሜ፣ አንዴ ቤቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስልክ አትደውልልኝ ያልሽውን ተቀብያለሁ። «ድምፅህን ስሰማ ከኋላው የእሱ ሳቅ ይመጣብኛል» ብለሻል። አልፈርድብሽም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በደወልሽልኝ ቁጥር ባልሽ አጠገቤ ነበር፤ ወይ ጎማ ስንነፋ፣ ወይ ስለ ማርሽ ስንጨቃጨቅ። እንግዲህ በወረቀት እንገናኝ። እጄ ብረት ሲሞርድ የኖረ እጅ ነውና ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ እለፊኝ።

ማንም የማያውቅሽ ከተማ መግባትሽ እንዳሳረፈሽ ጽፈሻል። ይሁን። የምትሠሪበት ራጅ ክፍል መስኮት የለውም ያልሽው ግን አሳሰበኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው አጥንት እያየሽ፣ ፀሐይ ሳታዪ? በምሳ ሰዓት እንኳን ወጣ በይ።

የባልሽን፣ የመምህሩን፣ የብረት ብስክሌት ከዕቃው ጋር ጭነሽው እንደሄድሽ አላወቅሁም ነበር። «ልሽጠው ወይስ ልንዳው?» ላልሽው መልሴ አጭር ነው፤ እንዳትሸጪው። ምክንያቱ ረጅም ነው፤ ታውቂኛለሽ።

ስንት ዓመት «ጋሪው» እያልኩ አላግጬበታለሁ። መምህሩ ትምህርት ቤት ሲሄድበት ኮተት ኮተቱ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ግን እውነቱን ልናገርና ለዕለት ሥራ ከብረት የተሻለ ፍሬም አልተሠራም። ብረት ታጋሽ ነው። መንገዱ ሲጎረብጥ ትንሽ ይለጠጥና ጉርብጥብጡን ለራሱ ያስቀራል። አሉሚኒየም ይቀላል፣ ግን ግትር ነው፤ እያንዳንዷን ጠጠር ለወገብሽ ያወራል። ካርቦን ደግሞ... ስለ ካርቦን ሌላ ጊዜ።

ኮርቻው ለእሱ ቁመት የተሠራ ስለሆነ ዝቅ አድርጊው። ግድግዳ ተደግፈሽ ውጪበት፤ ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አሳርፊ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው። ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኚው፤ ከገባልሽ ንፊው። ሰንሰለቱን ለእያንዳንዱ ማያያዣ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ሰው ዘይት የሚያፈስሰው ሰንሰለቱን ያጠጣ እየመሰለው ነው፤ የሚያጠጣው አቧራውን ነው።

ስለዚያ ቀን ደግመሽ ጠይቀሽኛል። ነግሬሻለሁ እኮ፤ ድንጋይ ነው የጣለው። ለፖሊሱም ያልኩት ይህንኑ ነው። ደጋግመሽ አታንሺው፤ ለራስሽ ስል ነው።

የመምህሩን እናት፣ እማማን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው የወጥ ቤቱን ቧንቧ ቀየርኩላቸው። የቤታቸውን ቁልፍ ሰጥተውኛል፤ በር ለመክፈት መነሳቱ እየከበዳቸው ነው። የልጅሽን የሚጡን ጉንጭ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 24

ለሚሊሜትር፣

አንተ ሰው፣ ኮርቻ ዝቅ አድርጊ ለማለት ይህን ሁሉ ወረቀት! መምህሩ ይህን ስም ያወጣልህ በከንቱ አይደለም። «ወንድምሽ ሰላምታውንም በካሊፐር ለክቶ ነው የሚሰጥ» ይል ነበር።

እንዳልከው ግድግዳ ተደግፌ ወጣሁ። ግድግዳው የሸሸኝ መሰለኝና ወደቅሁ። ሚጡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታየኝ ነበር። ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ዕለት ነው። ስለዚህ ተነሣሁና ደግሜ ወደቅሁላት። ሁለተኛውን ሆን ብዬ ነው፤ ክርኔ ግን ልዩነቱን አላወቀም።

አሁን ወደ ሥራ የምሄደው በእሱ ነው። ከቤት እስከ ሆስፒታል ሃያ ደቂቃ፤ ዘጠኙ ደቂቃ ዳገት። ዳገቱ ላይ ወርጄ እገፋለሁ፤ የበሩ ጥበቃ «ሲስተር፣ ማን ማንን እየነዳ ነው?» ይለኛል። ይሁን፣ ይቀልድ። ጠዋት ጠዋት መያዣውን ስጨብጥ ጎማው የተበላው እሱ ይጨብጥ በነበረበት ቦታ ነው። እጁ ከእጄ ሰፊ ነበር። ጣቶቼ ባዶውን ይዘው ይቀራሉ።

ስለ ድንጋዩ። ምን ያህል ነበር? እንቁላል ያህል? ጡብ ያህል? ከአስፋልቱ መሀል ነበር ወይስ ከዳር? አንተ የምስማር ውፍረት በዓይንህ የምትገምት ሰው፣ ባሌን የገደለውን ድንጋይ «ድንጋይ» ብለህ ብቻ አለፍከው። ለራስሽ ስል ነው አትበለኝ። ለእኔ ስትል ንገረኝ።

ስለ ሚጡ አንድ ነገር ልጽፍልህ ነበር፤ ተውኩት። ደህና ናት በለው።

እህትህ


መጋቢት 9

እታለሜ፣

ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ቶርኖ ቤት ሥራ በዝቶ ነው። እውነቱን ለመናገር አልበዛም፤ ግን ዘገየሁ።

እንደ ጡጫ ነበር። ከዳር። ይበቃሻል?

ዳገቱ ላይ መግፋት የለብሽም። ሰው ከዳገት ጋር የሚጣላው በከባድ ማርሽ ስለሚገጥመው ነው። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ገና ሜዳ ላይ ሳለሽ፣ ወደ ቀላሉ ቀይሪ። እግርሽ ፈጠን ፈጠን ይበል፤ ኃይል አትጨምሪ። መምህሩን ይህን ለማስተማር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሰው ሲያስተምር የኖረ ሰው መማር እንዴት እንደሚከብደው! ዳገት ሲያይ ጥርሱን ነክሶ በከባዱ ይገባበታል፤ መሀል ላይ ሲደርስ ፊቱ በርበሬ ይመስላል። «ማርሽ ቀይር!» ስለው «የተጀመረ ዓረፍተ ነገር አይቋረጥም» ይለኝ ነበር።

የብስክሌት ክበባችን ሰዎች ሰላም ብለውሻል። እኔ እንኳን ከእነሱ ጋር አልወጣም፤ ጉልበቴን ያመኛል።

ስለ ሚጡ የተውሽው ነገር ከነከነኝ። ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ግንቦት 4

እታለሜ፣

የመጨረሻ ደብዳቤሽን ሳነብ ግራ ገባኝ። ሚጡ አልጋዋን ማርጠብ መጀመሯን፣ «አባዬ የወደቀው አሞት ነው?» እያለች መጠየቋን እንዲያ በሁለት መስመር ጽፈሽ፣ የቀረው ገጽ በሙሉ ስለ ካርቦን ቸርኬ ጥያቄ። መቼም የጠየቀችኝ እህቴ ናት፤ እመልሳለሁ።

ካርቦን ጨርቅ ነው በይው። ክሩ በማጣበቂያ ተነክሮ፣ ተደራርቦ፣ ተጠብሶ የደረቀ ጨርቅ። ከብረት ይቀላል፣ ከብረት ይጠነክራል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ቀላል ቸርኬ ዳገት ላይ ክንፍ ነው። ቀላል ፍሬም ገዝቶ በከባድ ቸርኬ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን የጣለ ሰው ነው ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ጣጣው ቁልቁለት ላይ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን ግራና ቀኝ ጨምቆ ሲይዝ ቦታው ይሞቃል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ይበትናል። ካርቦን ግን ሙቀቱን እዚያው ይዞ ይቀመጣል። ነጂው ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ካደረገ ምንም አይሆንም። ሳይለቅ ይዞ ከወረደ ማጣበቂያው ይለሰልሳል፤ ጎኑ ያብጣል፤ ያበጠ ቦታ ደግሞ በሚቀጥለው ቁልቁለት የጎማውን ግፊት አይችልም። ብረት ሲታመም ይጮኻል፣ ይታጠፋል፣ ጊዜ ይሰጥሻል። ካርቦን ሳይናገር ቆይቶ በአንድ ቅጽበት ነው የሚሰበረው።

ያበጠ ቸርኬ ምን ይደረጋል ላልሽው፣ ይጣላል። ክርክር የለውም።

ለምን እንደጠየቅሽኝ ግን አልገባኝም። አንቺ የምትነጂው የብረት ነው፤ ይህ አያሰጋሽም። የፍሬኑን ሸራ ብቻ በየወሩ እዪው።

ወንድምሽ


ሰኔ 2

ወንድሜ፣

በደንብ አስረዳኸኝ። ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ ነው የሚመስለው።

እዚህ ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ እጁ የተሰበረ ሆኖ እግሩን ያሳየኛል። አይዋሽም፤ የተሰበረውን እንዳልነካበት ፈርቶ ነው። አልቆጣውም። ግን ፊልሙን ሳላነሳ አልለቀውም።

ጉልበትህን ምን ሆንክ? ከልጅነትህ ጀምሮ ጉልበትህን አሞህ አያውቅም።

ሚጡ እንደገና ጠየቀችኝ። «ድንጋይ ነው» አልኳት። አፌ ውስጥ ጠጠር የያዝኩ መሰለኝ። እሷም «ታዲያ ለምን አላየውም? አባዬ ዓይኑ ደህና ነበር እኮ» አለች።

ከእንግዲህ ስለ ብስክሌት አትጻፍልኝ። ሌላ የምትጽፈው ከሌለህ አትጻፍልኝ።

እህትህ


ሐምሌ 15

እታለሜ፣

ብስክሌት የሌለበት ደብዳቤ ልጽፍ ሞከርኩ። ሦስቱን ቀደድኳቸው። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ትንሽ ብቻ።


ነሐሴ 6

እታለሜ፣

ድንጋይ አልነበረም።

ይህችን መስመር ለመጻፍ ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። አንዴ ከተጻፈች የቀረውን በተራው ልንገርሽ። ስለ ብስክሌት አትጻፍ ብለሽኛል፤ ይህን ግን ያለ እሱ መጻፍ አይቻልም።

የካርቦን ቸርኬዎቹን ለመምህሩ፣ በክበቡ ጉዞ ለሚነዳው ቀላሉ ብስክሌቱ፣ የሰጠሁት አርባ ዓመት የሞላው ዕለት ነው፤ አንቺም ነበርሽ፣ ሣሎኑ መሀል ሲያሽከረክራቸው። ሁለት ዓመት የነዳሁባቸው ናቸው። የሰጠሁት ስለምወደው ነው። ግን ያ ብቻ አይደለም። ዳገት ላይ እሱን መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። በየሳምንቱ ጫፍ ላይ ቆሜ ላቤ ጀርባዬ ላይ እስኪደርቅ እጠብቀዋለሁ። በእነዚህ ከጎኔ ይደርሳል ብዬ ነው።

የተራራው ጉዞ ዐሥራ አምስት ቀን ሲቀረው ቸርኬዎቹን እንዳቃናለት ቶርኖ ቤት አመጣቸው። የፊተኛውን እያሽከረከርኩ ፍሬኑ የሚይዝበትን መስመር በጣቴ ስዳብስ አንዲት እብጠት ላይ ጣቴ ተነሣች። ለዓይን አትታይም። በካሊፐር ለካኋት። አንድ ሚሊሜትር አትሞላም። ሌላ ሰው ይዞልኝ ቢመጣ እዚያው ሰብሬ ነበር የምጥለው። ያን ዕለት ግን አጠገቧ በነጭ ቀለም ጭረት አደረግሁ፣ ቀኑን ጻፍኩባት፣ ታድግ እንደሆነ አያታለሁ አልኩ። ለእሱ አልነገርኩትም። ብነግረው አውልቆ ወደ ጋሪው ሊመለስ ነው፤ ጉዞው ደግሞ ደርሷል። ከተራራው ስንመለስ እቀይርለታለሁ ብዬ አሰብኩ። ማሰብ ካልሽው።

የጉዞው ጠዋት ክበቡ በር ላይ ጎማ ሲነፋ ጭረቷን አያት። ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን አሳረፈባት።

«ሚሊሜትር፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ምንም አይደለች። የኔ ምልክት ናት።»

«ቀን አለባት እኮ።»

«ያቃናሁበት ቀን ነዋ! መምህር፣ ፈተና ልታርመኝ ነው እንዴ? ተነስ፣ ሰዎቹ ጥለውን ሄዱ።»

ሳቀና ተነሣ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ዳገቱን ከጎኔ ሆኖ ወጣው። በቀላሉ ማርሽ፣ እግሩ ፈጠን ፈጠን እያለ፣ ልክ እንዳስተማርኩት። ጫፍ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቀደመኝ፤ ምዬ ልንገርሽ፣ አልለቀቅኩለትም፣ ቀደመኝ። መሪው ላይ ተደፍቶ እያለከለከ «ለእህትህ አንተው ንገራት፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም» አለኝ። ያን የመሰለ ደስታ ፊቱ ላይ አይቼ አላውቅም። ይህንንም እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ደስታውንም ነው የደበቅሁብሽ።

ቁልቁለት ይፈራ ነበር። ፍሬኑን ጨምድዶ ነው የሚወርደው። ይህንንም አውቅ ነበር። እኔ ከፊት ነበርኩ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ከኋላዬ እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ሰማሁ፤ ጎማው ነው። ከዚያ «ሚሊሜትር!» ብሎ ጠራኝ። አንድ ጊዜ። ዞር ስል መንገዱ ላይ አልነበረም።

ፖሊሱ መጥቶ «ምን ሆኖ ነው? ድንጋይ ነው?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። ድንጋዩን የፈጠርኩት እንኳን እኔ አይደለሁም፤ የተሰጠኝን ነው የተቀበልኩት። ከዚያ ለአንቺ አልኩሽ፣ ለእናቱ አልኩ፣ ለክበቡ አልኩ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ምን ብዬ?

ወንድምሽ


መስከረም 3

ወንድሜ፣

አውቅ ነበር።

ከተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ዕቃውን ተረከብኩ። አንተ አብሬሽ ልሂድ ብለኸኝ እንቢ ያልኩህ ቀን። መርማሪው ሰዓቱን፣ ጫማውን፣ ቦርሳውን ሰጠኝና የተሰበረውን ቸርኬ «ይህንን እንኳን እኛ እንጣለው» አለኝ። አምጣው አልኩት። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ስብራት ማየት ሥራዬ ነው፤ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሄደ አያለሁ። ስንጥቁ የጀመረው ከነጯ ጭረት ሥር ነው። ጥቅምት 27 ይላል። ወገቧ ላይ መስመር ያለባት ሰባት ቁጥር፣ ያንተ ሰባት ናት። ከልጅነትህ ጀምሮ ደብተርህን ስመለከት የኖርኩ እኔ ነኝ።

ለመርማሪው ምንም አላልኩትም። ለማንም አላልኩም። አንተ እስክትነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ወሰንኩ። ከተማውን ለቅቄ የሄድኩት ለሥራው አይደለም፤ በየቀኑ ፊትህን እያየሁ መጠበቅ ስላቃተኝ ነው። ስልክ አትደውል ያልኩህም ስለ ሳቁ ብቻ አልነበረም። ስትዋሽ መስማት አልፈለግሁም። ምናልባት ወረቀት ላይ ይከብደዋል ብዬ ነበር።

ስለ ድንጋዩ መጠን ስጠይቅህ በር እየከፈትኩልህ ነበር። ስለ ካርቦኑ ስጠይቅህ በሩን ነቅዬ ጣልኩልህ። አንተ «እንደ ጡጫ ነበር፣ ይበቃሻል?» አልከኝ።

ስማኝ። ስጠብቅህ የነበረው ልፈርድብህ አልነበረም። ልልህ የነበረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስትነግረኝ፣ ሰው ነህ፣ ተሳሳትክ፣ ትወደው ነበር፣ ና አብረን እናልቅስ እልሃለሁ ብዬ። በብስክሌቱ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ዳገቱ ላይ፣ በልቤ ስለማመደው ነበር። ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

አሁን ግን ያላወቅሁትን ነገርከኝ። እንደጠየቀህ አላውቅም ነበር። ሳያያት የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ሳያውቅ ነው እያልኩ በሱ ነበር የምጽናናው። አይቷታል። ጣቱን አሳርፎባታል። «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎሃል። አንዲት ትክክለኛ መልስ ነበረችህ፤ ብትመልስለት ኖሮ ያን ቀን ማታ እራት ላይ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስላልሄደበት ጉዞ ያማርር ነበር።

ይህን የት ላስቀምጠው? ንገረኝ፣ አንተ ለሁሉም ነገር ቦታ ታውቃለህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ቤት ትሄዳለህ። በዚህ ቅዳሜም ሂድና ንገራቸው። ፊታቸው ተቀምጠህ። የጠየቀህንም ጨምረህ። ለመርማሪውም ቃልህን አስተካክል። ከዚያ ጻፍልኝ። ይህን ሳታደርግ የተጻፈ ደብዳቤ ከመጣ ሳልከፍተው እመልሰዋለሁ።


መስከረም 29

እታለሜ፣

ከትእዛዝሽ አንድ ቅዳሜ አሳልፌያለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሄጄ ነበር፤ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ ገባሁ። እማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚጡን ሹራብ እየሠሩ ነበር። «ዛሬ ምን ልትጠግን መጣህ? ቤቱ እኮ ከኔ በስተቀር ያልታደሰ የለውም» ብለው ቀለዱብኝ። ወንበር ስቤ ፊታቸው ተቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ከቸርኬው ጀምሬ እስከ ጥምዙ። የጠየቀኝንም፣ የመለስኩለትንም። እየሰማሁ ነው በሚል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እጃቸው ሹራቡን አላቆመም። ስጨርስ ነው ያቆመው።

«ጠራህ?» አሉኝ።

«ጠራኝ፣ እማማ።»

«እኔንስ? እኔን አልጠራም?»

«አልጠ... አልጠራዎትም፣ እማማ። እኔን ብቻ ነው።»

«እንግዲህ ታድነዋለህ ብሎ ነዋ» አሉ። ቁጣ ቢኖርበት በወደድኩ ነበር። ለራሳቸው እንደሚያስረዱ ነበር የተናገሩት።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። የምጨብጣቸው መስሎኝ እጄን ሰጠሁ። ቁልፉን ነበር። ከኪሴ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። «ለጎረቤቶቼ፣ አንዱ ቢሄድ አንዱ ቀረልኝ እላቸው ነበር» አሉኝ። «ሂድ እሺ። ደግሞ ደረጃው ላይ ተጠንቀቅ፤ ሦስተኛዋ ተሰብራለች።»

ሦስተኛዋን ደረጃ በዚያ ቀን ላሠራት ነበር ሲሚንቶ ይዤ የሄድኩት። በሩ ሥር ትቼው መጣሁ።

ሰኞ ከመርማሪው ዘንድ ሄድኩ። ቃሌን እንደገና ጻፈ። ፋይሉ ለበላይ እንደሚሄድ፣ እስከዚያ ከከተማ እንዳልወጣ ነገረኝ። የሚመጣውን እቀበላለሁ። ለክበቡም እሁድ ጠዋት ከመነሣታቸው በፊት ነገርኳቸው። ራስ ቁራቸውን አድርገው ሄዱ።

ያልሽው ሁሉ ይኸው ነው። የት ላስቀምጠው ላልሽው፣ እኔም ቦታ አላገኘሁለትም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ከፈትኩት። እማማም በጎረቤታቸው ልጅ እጅ አስጽፈው ልከውልኛል። አንተ የጻፍከውና እሳቸው የላኩት አንድ ነው፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ይህን ልብ ብያለሁ።

ኅዳር 12 ቀን ዓመቱ ነው። ከሚጡ ጋር እመጣለሁ፤ የምናርፈው እማማ ቤት ነው። አውቶቡስ መናኸሪያ መጥተህ እንዳትቀበለን። መቃብሩ ዘንድ ስንሄድም አትምጣ፤ አንተ በሌላ ቀን ሂድ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ና። በእግርህ ና። እማማን ጠይቄአቸዋለሁ፤ «ይምጣ፣ በር አልዘጋም» ብለዋል። ከዚህ ሌላ አላሉም።

ምን እንደምልህ አላውቅም። ምናልባት እጮህብሃለሁ። ምናልባት አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ምንም ሳንባባል ይመሻል። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልሸነግልህም። ያዘጋጀሁት ይቅርታ ለሌላ ጥፋት ነበር፤ ለዚህኛው አልሆን አለኝ። ሌላ እየፈለግሁ ነው። ላገኝም ላላገኝም እችላለሁ። ወንድሜ መሆንህ ግን በእኔም በአንተም እጅ አይደለም፤ ለዚህ ነው የሚያመኝ።

ሚጡ ሰባት ዓመት ሞላት። ሌሊቱ አሁን ይሻላታል። ጥያቄው ግን አልለቀቃትም። ድንጋይ እንዳልነበረ ነግሬያታለሁ፤ ታዲያ ምን ነበር ስትለኝ «አብሮት የነበረው አጎትሽ ነው፣ እሱ ይነግርሻል» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ቀን ቀረ እያለች ትቆጥራለች።

እንግዲህ ገና በር ላይ ሳለህ ትጠይቅሃለች። ጫማህን እንኳን ሳታወልቅ። ልጅ ናት፣ ይገባታል ወይስ አይገባትም ብለህ አትለካ። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ እሆናለሁ። ወደ እኔ አትመልከት። ወለሉንም አትመልከት። ጎንበስ በልና፣ ዓይኗን እያየህ፣ መልስላት።

እህትህ